እጃችንን እየሰበሰብን ማስተማር፦ ዳውን ሲንድሮም ካለባት ልጄ ጋር ያለፍንበት መንገድ

ልጄ አሁን 16 ዓመቷ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም አለባት። ጠዋት አልጋዋን ታነጥፋለች፣ ታጥባ ትለብሳለች፣ ከሕንጻችን ሥር ካለው ሱቅ ዳቦ ገዝታ ትመለሳለች፣ ምሳ ከተበላ በኋላም ሳህን ታጥባለች። ቤታችን የሚመጡ ወላጆች ይህን ሲያዩ «እንዴት አስተማርሻት?» ብለው ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዳቸው በቃል የምነግራቸውን በጽሑፍ ባሰፍረው በዚሁ መንገድ ላይ ላሉ ሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ልጄ መማር የጀመረችው በዙሪያዋ ያለን ሰዎች እጃችንን ከእርሷ ሥራ ላይ ማንሳት ስንለምድ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዘዴዎች ሁሉ ፍሬ ያፈሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስትወለድ ሐኪሞቹ ስለ ክሮሞዞም፣ በሴላችን ውስጥ የዘር ውርስን ስለሚይዘው ክፍል፣ አስረዱን። ሰው ከእናትና ከአባቱ ሁለት ሆኖ የሚወርሰው 21ኛው ክሮሞዞም በእርሷ ሦስት ሆኖ መገኘቱን ነገሩን፤ የዳውን ሲንድሮም ቀን በፈረንጆቹ ሦስተኛ ወር በ21ኛው ቀን፣ በእኛ መጋቢት 12 የሚከበረውም ለዚህ ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕጻናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ ልቧም ተመረመረ፤ ደህና ነበር። ስለ ሱሪ፣ ስለ ቁልፍና ስለ ማንኪያ ግን የነገረን ሰው አልነበረም። እነዚህ ልጆች ጡንቻቸው ከተወለዱ ጀምሮ ላላ ያለ፣ መገጣጠሚያቸው ከሌላው ልጅ ይልቅ የሚተጣጠፍ፣ ጣቶቻቸውም አጠር ያሉ በመሆናቸው፣ ለእኛ ከቁጥር የማይገባ ሥራ ለእነርሱ ጉልበት እንደሚጠይቅ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በሌላ በኩል ብዙዎቹ በጆሯቸው ከሚሰሙት ይልቅ በዓይናቸው ያዩትን ይበልጥ ይይዛሉ። እጇ ቶሎ ይደክማል፣ ዓይኗ ግን ቶሎ ይማራል። ይህን ከማወቃችን በፊት በቃል እያስረዳን፣ ስትደክም ደግሞ «እልኸኛ ናት» እያልን ብዙ ጊዜ አለፈ።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ጉለሌ ውስጥ ብዙ አባወራ በሚጋራው ግቢ ነበር። ግቢው ሁሉ ይወዳታል። አንዷ ጎረቤት ፊቷን ታጥባታለች፣ ሌላዋ ጫማዋን ታደርግላታለች፣ የቤት ሠራተኛችን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩባያ ገና ስታየው አንስታ ታጠጣታለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉርሻ ነበረ። እናቴ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ ምግብ በቀረበ ቁጥር አጠገባቸው አስቀምጠው ያጎርሷታል፤ እርሷም አፏን ከፍታ መጠበቅን በሚገባ ተማረች። የመማር ችሎታዋ ሙሉ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም፤ ያስተማርናት መጠበቅን ስለነበር መጠበቅን ቻለችበት። ስድስት ዓመት ሆኗት እንጀራ ቆርሳ ወደ አፏ አታደርስም ነበር።

እናቴን «አያጉርሷት» ማለት ቀላል አልነበረም። በእርሳቸው ዓይን ሕመም ያለባትን ልጅ እጇን እያየች እንድትቸገር መተው ጭካኔ ነው። ለጥቂት ጊዜ ተኳረፍን። ነገሩ የተፈታው «እማዬ፣ ጉርሻው ይቅር አላልሁም፤ መጨረሻ ላይ ይሁን» ባልኋቸው ጊዜ ነው። መጀመሪያ በራሷ እጅ እንድትበላ፣ ስትጨርስ ደግሞ አያቷ አንድ ትልቅ ጉርሻ እንዲሰጧት ተስማማን። ጉርሻው የምግቡ መተኪያ መሆኑ ቀርቶ ሽልማት ሆነ፤ እናቴም ከተቃዋሚነት ወደ አስተማሪነት ተሸጋገሩ። እንጀራውን መጀመሪያ ላይ ለብቻዋ በትንሽ ሳህን፣ ወጡንም ወፈር አድርገን አቀረብንላት፤ ቀጭን ወጥ ከእጅ ስለሚያመልጥ ተስፋ ያስቆርጣል። ልብሷ ተጨማለቀ፣ ምንጣፉ ተበላሸ። አንባቢዎቼን የምለምነው እዚህ ላይ እንድትታገሡ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያቆመው ትምህርቱ ስላልሠራ ሳይሆን ቤቱ ስለቆሸሸና ሰዓት ስለረፈደ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር የምታስጀምሩት በጥድፊያ ሰዓት አይሁን። እኛ ልብስ መልበስን ያስተማርናት ትምህርት ቤት በሌለበት በቅዳሜና በእሑድ ጠዋት ነበር።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። አንድን ሥራ ለልጅ ከማስተማራችሁ በፊት ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ሥሩትና እያንዳንዱን እርምጃ ጻፉት። እጅ መታጠብ ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ሲጻፍ ግን እጅጌ መሰብሰብ፣ ቧንቧ መክፈት ወይም ከጆግ ማስቀዳት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሳት፣ ማሸት፣ ሳሙናውን መመለስ፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ በፎጣ ማድረቅ ሆኖ ይረዝማል። ልጁ «እጅ መታጠብ አይችልም» የምንለው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ላይ ተይዞ ነው። የእኔዋ የተያዘችው ጠንካራ በነበረው የቧንቧ እጀታ ላይ ነበር፤ ውሃውን በጆግ ባልዲ አጠገብ ስናደርግላት የቀረውን ሁሉ በራሷ ሠራችው። ችግሩ የቧንቧው እንጂ የአእምሮዋ አልነበረም።

ለልብስ የረዳን ደግሞ ከመጨረሻው እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ሱሪውን እስከ ዳሌዋ ድረስ እኛ እናደርስላትና የመጨረሻውን ወደ ላይ መሳብ ለእርሷ እንተዋለን። ስትስበው ሥራው ተጠናቀቀ፤ ለበሰች ማለት ነው፤ ደስታውም የእርሷ ነው። ያንን ስትችል ከጉልበት ጀምራ እንድትስብ እንተዋለን፤ ከዚያ ከቁርጭምጭሚት፤ በስተመጨረሻ እግሯን አስገብታ ትጨርሳለች። ከመጀመሪያው እርምጃ ብንነሳ ኖሮ እርሷ ጀምራ እኛ እየጨረስን፣ ሁልጊዜ በሌላ ሰው እጅ የሚያልቅ ሥራ ይሆንባት ነበር። በልብስ ምርጫም አትኩራሩ፤ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ፣ በማጣበቂያ የሚታሰር ጫማ፣ ፊትና ኋላው በምልክት የሚለይ ሹራብ ግዙ። ማሰሪያና ቁልፍ ይቆያሉ፤ ቁልፍ ከነጭራሹ ባይለመድም ሕይወት አይቆምም። አንዳንድ ወላጆች ጫማ ማሰርን እንደ ክብር ጉዳይ ይዘው ዓመታት ሲያጠፉበት አይቻለሁ፤ ያ ጊዜ ለመጸዳጃ ቤት ቢውል ይሻል ነበር።

እርዳታን እንዴት እንደምትቀንሱ አስቀድማችሁ ወስኑ። ከኋላዋ ሆኜ እጇን በእጄ ይዤ እጀምራለሁ፤ ቀጥሎ ክርኗን ብቻ ነካ አደርጋለሁ፤ ቀጥሎ በጣት አመለክታለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ እቆማለሁ። በአፍ ማስታወስ ቀላል ስለሚመስል ሁላችንም እንወድደዋለን፤ ነገር ግን ለማስወገድ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። «ሳሙና ያዢ፣ ጎሽ፣ አሁን እሺው፣ አሁን አለቅልቂ» ስንላት የቆየች ልጅ ድምፃችን የሥራው አንድ ክፍል ይሆንባትና ካልሰማችው ቆማ ትቀራለች። ስለዚህ እጃችሁ ይናገር፣ አፋችሁ ይረፍ። አንድ ጊዜ ከተናገራችሁ ደግሞ ጠብቁ። እነዚህ ልጆች የሰሙትን ወደ ሥራ ለመለወጥ ከእኛ የረዘመ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ እኛ ግን ገና ስታስብ ትእዛዙን ደግመን በሌላ ቃል ስለምንነግራት እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። ባለቤቴ በልቡ እስከ አሥር ይቆጥር ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጨርስ ትጀምራለች።

ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት መንገዳችን ተዘጋ። የጀመረችውን ትተዋለች፣ ስንጠራት አትዞርም፣ ትምህርት ቤትም «ትኩረት የላትም» አሉን። የባህርይ ችግር ነው ብለን ስንመካከር አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «ጆሮዋ ታይቷል?» ብላ ጠየቀችን። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት ከጆሮዋ ታምቡር ኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። የጆሮ ቱቦዎቻቸው ጠባብ ስለሆኑ ይህ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ የሚሰሙትም ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ደብዝዞ ነው። ከታከመች በኋላ ልጄ ተለወጠች ብል ማጋነን አይሆንም። የታይሮይድ ዕጢ መድከምም በእነዚህ ልጆች ላይ ስለሚበዛ፣ እንቅልፍ የምታበዛና የምትዝል ልጅ በደም ምርመራ መታየት አለባት፤ ዓይናቸውም እንዲሁ። የተማረውን የተወ ልጅ ስታዩ ከመቅጣታችሁ በፊት አስመርምሩት።

የእጇን ጡንቻ ለማጠንከር ውድ መጫወቻ እንድንገዛ ተመክረን ነበር። ገዛን፤ አንድ ሳምንት ተጫወተችበት። እውነተኛውን ሥራ የሠራው ማድ ቤታችን ነው። ለአውራ ጣትና ለሌባ ጣት ከምስር መልቀም የተሻለ ልምምድ የለም። የአተር እሸት መፈልፈል፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ሊጥ ማሸት፣ ካልሲ አጥቦ መጭመቅ፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት፣ እነዚህ ሁሉ በየቤታችን ያሉ ናቸው፤ ከዚህም በላይ ልጅቱ ስትጨርስ ሰው የሚበላውን ወይም የሚለብሰውን ነገር ስለምታይ ሥራዋ ቁም ነገር እንደሆነ ይገባታል። እናቴ ምስሩን ከእርሷ ጋር እየለቀሙ ሲያወሩ መዋላቸው ለንግግሯም ጠቀማት።

የመጸዳጃ ቤት ነገር ረጅሙ ምዕራፋችን ነው። መሠረቱ ሰዓት ነው፤ ከተመገቡ በኋላ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ ከቁርስና ከምሳ በኋላ ማስቀመጥ ያዋጣል፤ ለአጭር ጊዜ፣ ያለ ጩኸት። ጡንቻቸው የላላ ልጆች የሆድ ድርቀት ይበዛባቸዋል፤ ድርቀት ያለበት ልጅ ደግሞ ስለሚያመው ይሸሻል፤ ስለዚህ ውሃ፣ ፓፓያና ጎመን ከፖፖው በፊት ይምጡ። እግሯ ተንጠልጥሎ ከሆነ ከሥር ዱካ ወይም ሳጥን አድርጉላት፤ እግሩ መሬት ያልያዘ ልጅ ማማጥ ይከብደዋል። ልብሷ ላይ ቢያመልጣት አትቆጡ፣ አታሳፍሩ፤ እንድታጸዳ ግን በእርጋታ አብራችሁ አሠሯት።

በግቢው ውስጥ ባለው የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት በሚገባ ከለመደች በኋላ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ሁሉም ነገር ጠፋ። መቀመጫ ያለው ነጭ መጸዳጃና ሲለቀቅ የሚጮኸው ውሃ አስፈራት፤ ልብሷ ላይ መልቀቅ ጀመረች። ጎረቤት ሁሉ «ወደ ኋላ ተመለሰች» ብሎ አዘነልን። እርሷ ግን አልተመለሰችም፤ የተማረችው በዚያ ቤት፣ በዚያ በር፣ በዚያ ቀዳዳ ነበር እንጂ «መጸዳጃ ቤት» የሚባል አጠቃላይ ነገር አልነበረም። እነዚህ ልጆች የያዙትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማሻገር ይከብዳቸዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በቤት ስትችል ተምራ ጨረሰች አንልም፤ በአክስቷ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደገና እናሠራታለን። ለአዲሱ መጸዳጃ ውሃውን እርሷ ከወጣች በኋላ መልቀቅ ጀመርን፤ ቀጥሎ በር ላይ ቆማ ስታይ፤ በመጨረሻ እርሷው ራሷ እንድትለቀው። አሁን ውሃ በፈረቃ በሚጠፋበት ቀን ከበርሜሉ ቀድታ በባልዲ መድፋትም ታውቃለች፤ በአዲስ አበባ ለሚኖር ልጅ ይህም አንድ ክህሎት ነው።

ሥዕል ብዙ ረዳን። የተዘጋጁ የካርቱን ሥዕሎች ግን አልሠሩም። የራሷን የጥርስ ብሩሽ፣ የራሷን ፎጣ፣ የራሷን ቦርሳ በስልክ አንስተን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምናቸው፣ ላሚኔት አስደረግናቸውና በምትሠራበት ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ በዓይኗ ቁመት ለጠፍናቸው። የጠዋት ጭቅጭቃችን የቀነሰው ያኔ ነው፤ «ቀጥሎስ?» ብላ እኔን መጠየቅ ትታ ግድግዳውን ታያለች።

ብቻችሁን አትሥሩ። በአገራችን ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የመጀመሪያውን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 በተመሠረተው ኒያ ፋውንዴሽን በኩል የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በራሳቸው ልጅ ምክንያት የተነሱ እናት ነበሩ፤ በዳውን ሲንድሮም ላይ የሚሠራውን ዲቦራ ፋውንዴሽንን ያቋቋሙት የቀድሞው አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳም አባት ናቸው። ሁለቱም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አደባባይ በመውጣታቸው ሌላው ወላጅ ልጁን ከጓዳ ለማውጣት አቅም አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ችግር ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም በኢትዮጵያ ተሞክሯል፤ 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሆኖ በጨዋታና በቤት ውስጥ ሥራ መካከል ማስተማርን ያሳያል። በአካባቢያችሁ ካገኛችሁት አትለፉት። ማዕከል ወይም ልዩ ክፍል ካገኛችሁም መምህሯ በምን ዓይነት ምልክትና እርምጃ እንደምታሠራ ጠይቃችሁ ቤት ውስጥ ያንኑ አድርጉ፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሲጎትታት ልጅቱ ግራ ትጋባለች።

ሴት ልጅ ያላችሁ የወር አበባን ሳይመጣ አስተምሩ። እኔ አሥር ዓመት ሲሞላት ጀምሬ ሞዴስ ከፓንት ላይ መለጠፍን በማሳየት፣ በኋላም ለግማሽ ቀን አድርጋው እንድትውል በማለማመድ አዘጋጀኋት። ፓንቱ ላይ ሞዴሱ የሚያርፍበትን ቦታ በክር ሰፍቼ ምልክት አደረግሁ። ቀይ ቀለም ጠብ አድርጌ «ይህን ስታዪ ትቀይሪያለሽ፣ ጠቅልለሽ እዚህ ትጥያለሽ» እያልሁ አሳየኋት። ቀኑ ሲደርስ አልደነገጠችም።

ከዚሁ ጋር የገላ ጥበቃ ትምህርት ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ሰው ሲያጥበውና ሲያለብሰው የኖረ ልጅ ማንም ቢነካው ትክክል እንደሆነ ስለሚያስብ፣ ራሱን ችሎ መታጠብ የንጽሕና ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው። የገላ ክፍሎችን በስማቸው አስተማርናት፣ በር መዝጋትና ማንኳኳትን አስለመድናት፣ የሚያጥቧትን ሰዎች ቁጥር ቀነስን። ከባዱ የሰላምታ ነገር ነበር። በእኛ ባህል ልጅ ያገኘውን ትልቅ ሰው ሁሉ ይስማል፤ እርሷ ደግሞ እንግዳውንም መንገደኛውንም ታቅፋለች፣ ሰዉም «እንዴት ፍቅር ናት!» እያለ ያበረታታታል። የአሥር ዓመቷ ልጅ ላይ የሚያምረው በሃያ ዓመቷ ለአደጋ ያጋልጣታል። ቤተሰብን መሳም፣ ሌላውን በእጅ መጨበጥ ብለን ለየንላት። «አክስትሽን ሳሚያት እንጂ!» እያሉ የሚገፋፏትን ትልልቅ ሰዎች በትሕትና «እርሷ በእጇ ነው ሰላም የምትለው» እያልሁ አስቆማለሁ፤ ቅር የተሰኙ አሉ፤ ይሁን።

ግዢን የጀመርነው ከባለ ሱቁ ጋር በመነጋገር ነው። «ጋሼ፣ ሳትናገር አይስጧት፤ ትንሽ ይጠብቋት» አልኋቸው፤ እርሳቸውም ከብዙዎቻችን የተሻለ ትዕግሥት አሳዩ። ገንዘብን በቀለም አስለምጃት ስለነበር በመስከረም 2013 ብሩ ሲቀየር ሥራው ፈረሰ፤ ቀይ ብላ የምታውቀው 10 ብር አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ስለዚህ በኖቱ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ጀመርን። የዳቦ ዋጋም በየጊዜው ስለሚጨምር ልክ ቆጥሮ ማስያዝን ትተን ትልቅ ኖት ሰጥታ መልስ እስኪሰጧት እንድትቆም አስተማርናት፤ ሒሳቡን ባታውቀውም «መልስ» ብላ ትጠብቃለች። በታክሲ ከወንድሟ ጋር ስትሄድ «ወራጅ አለ!» የምትለው እርሷ ናት። ንግግሯ ስለማይጠራ መጀመሪያ ረዳቱ አልሰማትም፤ አሁን «ወራጅ!» ብቻ ጮክ ብላ ትላለች፤ ይበቃል። ስልክ ቁጥራችን የተጻፈበት ካርድ ሁልጊዜ ከኪሷ አይለይም።

በዚህ ወቅት የያዝነው ቡና ነው። ፈንዲሻ ማዞር፣ ሲኒ መደርደርና ስኳር ማቅረብ ካወቀች ቆየች። ጀበና መቅዳትን የምናለማምዳት በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ክብደቱንና ማዘንበሉን እስክትለምድ ሳፋ ላይ ትቀዳለች። በግማሽ የተሞላ ጀበና ሳታፈስ መቅዳት ችላለች፤ ሙሉው ገና ያንቀጠቅጣታል። ትኩሱን የምሰጣት ሙሉውን በቀዝቃዛ ስትቆጣጠር ነው፤ እስከዚያው ትኩሱን እኔ ቀድቼ ለእንግዳው የምታደርሰው እርሷ ናት።